ሻርልቪል፣ ሰዎቿን የምትቆጥር ከተማ

ሐረር ሄዶ የራምቦን ቤት ሳያይ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፍ ትቶ፣ ቡናና ቆዳ እየነገደ በሐረር እንደኖረ አብዛኛው ሰው ያውቃል። የተወለደባትን ከተማ ግን እኛ አገር የሚያውቃት ብዙ አይደለም። ሻርልቪል ሜዚየር ትባላለች። በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአርደን ጫካ ጠርዝ፣ በሜዝ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የቤልጅየም ድንበር ቅርቧ ነው።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አብሮ አደጌ ሻርልቪል ውስጥ ትዳር ይዞ ስለሚኖር፣ እሱን እየጠየቅኩ ከተማዋን ለመድኩ። ብዙ የፈረንሳይ ከተሞች አይቻለሁ። ስለዚህችኛዋ መጻፍ የፈለግኩት ውብ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሰው እየቀነሰባት የሄደች፣ ግን ያላትንም የሄደባትንም ሰው በስም የምታውቅ ከተማ ሆና ስላገኘኋት ነው። የኛ ከተሞች በተቃራኒው ሰው በሰው እየሆኑ፣ ሰዎቻቸው ሳይጻፉ ያልፋሉ። ይህ ያሳስበኛል።

ከቁጥሩ ልጀምር። የፈረንሳዩን ነገር በነሱ አቆጣጠር፣ የኛን ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ። በ1975 ሻርልቪል ሜዚየር 60,000 ገደማ ሰው ነበራት። ዛሬ 46,000 ገደማ ናት። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ከተማዋ ዋና መቀመጫ የሆነችለት የአርደን ክፍለ ግዛትም እንደዚሁ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከ300,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ አሁን 270,000 ገደማ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ? ይቆጥራሉ። ፈረንሳይ እንደ ድሮው አገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆጥራ አትጨርስም። ከ10,000 ሰው በታች ያለው ከተማና መንደር በአምስት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ከዚያ በላይ ያለው፣ እንደ ሻርልቪል ያለው፣ በየዓመቱ ከአድራሻዎቹ ስምንት በመቶው ይጠየቃል። ጥር ወር ላይ ቆጣሪው በር ያንኳኳል፤ ወይም በኢንተርኔት ሙሉ ይልሃል። ዓመቱ ሲያልቅ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የእያንዳንዱን ከተማና መንደር ቁጥር ያወጣል። 80 ሰው ያለበት መንደር እንኳ ቁጥሩ ይወጣለታል።

ቁጥሩ ለወሬ አይደለም። መንግሥት ለከተማው የሚሰጠው ገንዘብ ከሕዝቡ ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። የምክር ቤቱ ወንበርም እንደዚያው። ለዚህ ነው የአካባቢው ጋዜጣ ጥር ላይ "ስንት ሆንን?" ብሎ በትልቁ የሚያወጣው። አንድ ቤተሰብ ለቆ ሲሄድ ከንቲባው የሚያጣው ነገር አለ። ስለዚህ ሰው ለምን እንደሄደ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤቱን ክፍት ለማድረግ ይሟገታል፤ ሐኪም እንዲመጣለት ይለምናል።

እኛ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የድሬዳዋ ከተማ ነዋሪ 233,000 ገደማ ነበር፤ የሐረር ከተማ ደግሞ 99,000 ገደማ። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተላለፈ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ላይ ፓርላማው እንደገና አራዘመው። ምክንያቱ የጸጥታ ችግር ነበር፤ ያንን እረዳለሁ። ግን በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ራሱም ልጅ ወልዶ ይሆናል። ስለ ድሬዳዋ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ አሁን ግምት ነው። ስንት ክፍል መሥራት እንዳለበት፣ ስንት ቦኖ መትከል እንዳለበት የሚወስን ሰው በግምት ነው የሚወስነው። የሚጎዳው ደግሞ መጨረሻ የመጣው ነው። ገንደ ምናምን ዳር ላይ ላስቲክ ወጥሮ የሚኖረው በግምት ውስጥ አይገባም።

ሻርልቪልና ድሬዳዋ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ሁለቱም በትዕዛዝ የተሠሩ ናቸው። ሻርልቪልን የቆረቆራት ሻርል ደ ጎንዛግ የሚባል መስፍን ነው፣ በ1606፣ ገና በ26 ዓመቱ። ሜዚየር አጠገቡ ነበረች፤ እሷ ግን የቆየች የምሽግ ከተማ ናት፣ የንጉሡም ነበረች። መስፍኑ የራሱ ከተማ ፈለገ። ለሚመጣ ነዋሪ ከግብር ነፃ መሆንን ጨምሮ ልዩ መብት ሰጠ። ክሌማን ሜቴዞ የሚባል አርክቴክት መንገዶቹን ቀጥ አድርጎ አሰመረለት፤ መሐሉ ላይ ዱካል የሚባለውን አደባባይ ሠራ። ከቀይ ጡብና ከቢጫ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ዙሪያውን ይከቡታል። ከቤቶቹ ሥር በሙሉ ቅስት ያለው መተላለፊያ ነው፤ ዝናብ ቢመጣ ሳትረጥብ ትዞረዋለህ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ቡና ይጠጣል። ሻርልቪልና ሜዚየር ከነአጎራባቾቻቸው አንድ ከተማ የሆኑት በ1966 ነው፤ ድርብ ስሟ የመጣው ከዚያ ነው።

ድሬዳዋም እንደዚያው ናት። የባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው፣ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ። የድሬን ከዚራ ሰፈር ያየ ሰው ሻርልቪል ሲደርስ ግራ አይገባውም። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ የሚገናኝ ማዕዘን። ወንዙ ከተማውን መሐል ለመሐል መክፈሉም ያው ነው፤ እነሱ ሜዝ፣ እኛ ደቻቱ።

ጉሮሯቸውን የደፈነውም አንድ ዓይነት ነገር ነው። የአርደን ሰው ለዘመናት የኖረው በብረት ነው። ምስማር፣ ብሎን፣ ምድጃ፣ የማሽን ዕቃ ያመርቱ ነበር። ሻርልቪል ንጉሣዊ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበራት። አሜሪካኖች ለነፃነታቸው ሲዋጉ ከፈረንሳይ ያገኙት ጠመንጃ እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል። በኋላም ከሜዝ ሸለቆ ፋብሪካዎች ሥራ ፈልጎ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ ብዙ ሰው አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ፣ ግን የድሮውን ያህል ሰው አይቀጥሩም። ወጣቱ ለትምህርት ወደ ሬምስ ወይም ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ ከዚያ አይመለስም። ፈጣኑ ባቡር በ2007 ሲጀመር ፓሪስን ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ አቀረበው። ሥራ ያመጣል የተባለው ባቡር ለመሄድም አመቺ ሆነ።

የድሬ ሰው ይህን ሲያነብ ስለ ራሱ የተጻፈ ይመስለዋል። የድሮው ባቡር ሲቆም ከተማው ውስጥ የተፈጠረውን ዝምታ አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ሰዓታቸውን በባቡሩ ጩኸት ነበር የሚሞሉት። አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ድሬ ግን አልቀነሰችም። ሰው ከገጠሩ፣ ከሱማሌው በኩል፣ ከሐረርጌው ተራራ ይመጣል። ሻርልቪልን ያራቆታት ዓይነት ችግር ድሬን አላራቆታትም። የድሬ ችግር የመጣውን ሰው አለማወቅ ነው።

ስለ ጦርነት ሳልናገር ሻርልቪልን አሳየኋችሁ ማለት አልችልም። በ1870 ፈረንሳይ በፕሩሲያ የተሸነፈችበት፣ ንጉሠ ነገሥቷ የተማረኩበት ሴዳን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ ከአራት ዓመት በላይ በጀርመን እጅ ነበረች። የጀርመን ጦር ጠቅላይ መምሪያ እዚያ ተቀምጦ፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ራሳቸው ሻርልቪል ውስጥ ኖረዋል። ግንቦት 1940 ደግሞ ጀርመኖች በአርደን ጫካ ሰብረው ሲገቡ፣ ሕዝቡ በሙሉ ቤቱን ትቶ እንዲወጣ ተነገረው። ሰው አልጋና ድስት ጋሪ ላይ ጭኖ ወደ ምዕራብ ተመመ። ቫንዴና ደ ሴቭር የሚባሉ ክፍለ ግዛቶች የአርደንን ሰው እንዲቀበሉ አስቀድሞ ተመድበው ነበር። ከዚያ ጀርመኖች አካባቢውን የተከለከለ ቀጠና አደረጉት፤ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ለመመለስ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ይህን የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ደርሶበት የአርደን ሰው ቅድመ አያቱ መቼ እንደተወለደ ያውቃል። እንዴት? መጻፍን የጀመሩት በጣም ቀድመው ነው። በ1539 ንጉሡ ካህናት የሚያጠምቁትን ሕፃን ስም መዝገብ ላይ እንዲያሠፍሩ አዘዘ። በ1792 አብዮቱ ሥራውን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለማዘጋጃ ቤት ሰጠ። መዝገቡ ደግሞ በሁለት ቅጂ ነው የሚጻፈው። አንዱ ማዘጋጃ ቤት ይቀመጣል፣ ሌላው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ቀላል ነገር ነው። ውድ ማሽን አይፈልግም፤ ሁለት ደብተርና የማይሰንፍ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጓደኛዬ ልጅ የወለደ ጊዜ አብሬው ነበርኩ። ፈረንሳይ ውስጥ ልጅ ሲወለድ በአምስት ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ ስሙን ፊደል በፊደል ጠየቀችው። የሐበሻ ስም አስቸግሯት ደጋግማ አነበበችለት፤ አንድ ፊደል ተሳስታ ነበር፣ አስተካከለችው። የተወለደበትን ሰዓትና ደቂቃ ጻፈች። ጓደኛዬ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሱ ራሱ የተወለደበትን ቀን አያውቅም። የፈረንሳይ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ይላል። ስደተኞች ስንመዘገብ ቀኑን የማናውቅ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተሰጠን። በአውሮፓም በአሜሪካም ስንቶቻችን ነን በአዲስ ዓመት ቀን የተወለድን! በየዓመቱ በዚያ ቀን ከባንክ፣ ከስልክ ድርጅት፣ ከሐኪም ቤት የመልካም ልደት መልእክት ይመጣል። እናቶቻችን ያማጡበት ቀን ግን ሌላ ነው።

እኛም ጀምረናል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። ቀበሌ ሄዶ የልደት ሰርተፍኬት የሚያወጣ ወላጅ በዝቷል። ግን አሁንም ብዙ ሰው የሚያወጣው ትምህርት ቤት ሲጠይቀው ወይም ፓስፖርት ሲፈልግ ነው። ሰነዱ የልጁ መብት መሆኑ ገና ወደ ልባችን አልገባም።

ወደ ራምቦ ልመለስ። የሻርልቪል መዝገብ ጥቅምት 20 ቀን 1854 ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተወለደ ይላል። የተወለደበት ቤት ይታወቃል። እናቱ ልጆቿን ይዛ የተከራየችው የወንዝ ዳር ቤት ቁጥሩ ሳይቀር ይታወቃል፤ ዛሬ የተጓዘባቸውን አገሮች የሚያሳይ ሙዚየም ሆኗል። ሐረርም እዚያ ውስጥ ክፍል አላት። ፊት ለፊቱ፣ በድሮው ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ዋናው የራምቦ ሙዚየም አለ። በየቤቱ ግድግዳ ላይም ግጥሞቹን የሚያሳዩ ትልልቅ ሥዕሎች ተሥለዋል።

እሱ ግን ከተማውን አይወዳትም ነበር። በ15 ዓመቱ ለመምህሩ በጻፈው ደብዳቤ የትውልድ ከተማውን ከትናንሽ የክፍለ አገር ከተሞች ሁሉ የባሰች ደደብ ብሎ ሰድቧታል። ደጋግሞ ጠፍቶባታል። እሷ ግን አልጣለችውም። በ1901 ባቡር ጣቢያው አደባባይ ላይ ሐውልት አቆመችለት። በአንደኛው ጦርነት ጠፋ። በ1927 ሌላ አቆመች፤ በሁለተኛው ጦርነት እሱም ጠፋ። በ1954 ሦስተኛውን አቆመች፤ እሱ ዛሬም አለ። መቃብሩም እዚያው ከተማ፣ ከእህቱ አጠገብ ነው። አድናቂዎቹ ከዓለም ዙሪያ የሚልኩለት ደብዳቤ የሚገባበት የፖስታ ሣጥን መቃብሩ በር ላይ ተተክሏል። አፅሙ ፓሪስ ወደሚገኘው የታላላቆች መካነ መቃብር ይወሰድ ተብሎ ፊርማ ተሰብስቦ ነበር። የቤተሰቡን ፍላጎት ይዘው ፕሬዚዳንቱ በ2021 እምቢ አሉ። ሻርልቪል ልጇን አስቀረች።

እኛ የሄደብንን ሰው እንዴት ነው የምናስበው? ዲያስፖራ ብለን በጅምላ። የላከውን ዶላር እናውቃለን፤ ብሔራዊ ባንክ ይቆጥረዋል። የሰዉን ስም የያዘ ግን የለም። ከድሬ ስንት ልጅ በቦሳሶ፣ በየመን በኩል እንደወጣ፣ ስንቱ እንደደረሰ፣ ስንቱ በባሕር እንደቀረ፣ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። እናት ብቻ ናት የምታውቀው። እሷ ስታልፍ አብሮ ያልፋል።

ከራምቦ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ሐረር ብዙ ዓመት ያገለገለው ጃሚ የሚባል ወጣት ነበር። ራምቦ ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ ሊሞት ሲል የጃሚን ስም ይጠራ እንደነበር እህቱ ተናግራለች። 3,000 ፍራንክም ተወለት። ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተሰጠ። ስለ ጃሚ የምናውቀው ከዚህ ብዙ አይበልጥም። መቼ ተወለደ? ሚስቱ ማን ነበረች? ልጁስ? ስለ አንዱ የተወለደበት ሰዓት ሳይቀር ይታወቃል፤ ስለ ሌላው የምናውቀው በጌታው ደብዳቤ ውስጥ የተገኘውን ነው።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 1891 ራምቦ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ አሥራ ስድስት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር እስከ ዘይላ አደረሱት። ያንን በረሃ በእግር! መንገዱን በየዕለቱ ማስታወሻው ላይ ጽፏል። አንድ ቀን ሲያወርዱት መሬት ላይ ጣሉትና አራቱን አንዳንድ ብር ቀጣቸው። ቅጣቱን ሲጽፍ ስማቸውን ጻፈ፤ አብዱላሂ፣ አብዱላህና ባኪር ከመካከላቸው ናቸው። ከተሸካሚዎቹ መካከል ስማቸውን የማውቀው የተቀጡትን ነው። ሳይጥሉት የተሸከሙት ስማቸው አልቀረልኝም።

ራስ መኮንን የራምቦ እግር መቆረጡን ሰምተው በሐዘን እንደጻፉለት ይታወቃል። ያ ደብዳቤ እንኳ የቀረው የፈረንሳይ ቤተሰብ ስላስቀመጠው ነው። የራምቦ እናት ጨካኝና ደረቅ ሴት ነበረች ይባላል። ልጇ ከሐረር የላከውን ደብዳቤ ግን አልጣለችም። ዛሬ የ1880ዎቹን የሐረር ገበያ ዋጋ፣ የቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ወደ እሷ ቤት ደብዳቤዎች ይሄዳል። በጀጎል የራምቦ ቤት የሚባለው የሚያምር የእንጨት ሥራ ያለው ቤት ደግሞ የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። የኖረበት ትክክለኛው ቤት የትኛው እንደሆነ የጻፈ ጎረቤት አልነበረንም።

እንግዲህ ፈረንሳዮቹን ብቻ አመስግኜ ላልፍ አልፈልግም። በወረቀት መታወቅና በሰው መታወቅ ይለያያል። ጓደኛዬ የሚኖርበት ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት አሉ። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ያውቃቸዋል፤ በሙቀት ወቅት ደህና መሆናቸውን የሚጠይቅ ሰው ስልክ ይደውልላቸዋል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። በራቸውን አንኳኩቶ አንድ ሲኒ ቡና አብሯቸው የሚጠጣው ግን የጓደኛዬ ሚስት ብቻ ናት። መጀመሪያ ጊዜ ስታንኳኳ ደንግጠው ነበር። አሁን ከሰዓቱ ካለፈች ይጠይቃሉ። አንድ ቀን "እናንተ አገር አሮጊት ብቻዋን ትሞታለች?" አሏት። አትሞትም አለቻቸው። እውነቷን ነው። ዕድር አለ። ሐረር ውስጥም እንደ ዕድር ያለ አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ማን ቀረ ማን መጣ ይታያል።

ሻርልቪልም ሰው የሚቀራረብበት ጊዜ አላት። በየሁለት ዓመቱ መስከረም ላይ ከዓለም ዙሪያ የአሻንጉሊት ቲያትር ባለሙያዎች ይመጣሉ። በ1961 ዣክ ፌሊክስ የሚባል የከተማው ሰው የጀመረው ነው። ያኔ በአብዛኛው የሰፈር ወዳጆች ሥራ ነበር፤ ዛሬ በ1987 የተከፈተ ከፍተኛ የአሻንጉሊት ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይቀር አላት። በፌስቲቫሉ ሰሞን ነዋሪው በፈቃደኝነት ያገለግላል፤ ቤቱን ለእንግዳ የሚከፍትም ብዙ ነው። እነዚያ አሮጊት እንኳ ወጥተው አደባባዩ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራ ያጣች ከተማ ሌላ ሥራ ፈጥራ፣ ሰው ለጨርቅና ለእንጨት አሻንጉሊት ብሎ ሊያያት እንዲመጣ አደረገች። እዚህ ላይ ድሬ ብዙ ብትማር እመኛለሁ። የባቡሩ አሮጌ ጋራዥ፣ ከነማሽኑ፣ ከነባቡሩ፣ ቆሞ ይጠብቃል። ፈረንሳይኛ እየተናገሩ የሚያስጎበኙ አዛውንቶች እያለቁ ነው።

ዕድርን ያነሳሁት ለማወዳደር ብቻ አልነበረም። መዝገብ የለንም እያልኩ ሳስብ፣ አለን፤ የዕድር ደብተር አለ። አባሉ መቼ ገባ፣ ሚስቱ ማን ናት፣ በሥሩ ስንት ሰው አለ፣ ማን ሞተ፣ መቼ ተቀበረ፣ ሁሉም ተጽፏል። የወር መዋጮ ስለሆነ ጸሐፊው ሊዘነጋው አይችልም። በኔ ግምት ከቀበሌው መዝገብ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። አፎቻዎቹም የራሳቸው አላቸው። ብዙዎቹ ደብተሮች ግን ያሉት በአንድ ሰው ቤት፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ፣ ከቤቶቹ ጋር ስንት ደብተር አብሮ እንደሄደ ማን ያውቃል? ሜዝም በ1993 እና በ1995 ሞልቶ የሻርልቪልን ቤቶች አጥለቅልቋል። ከዚያ በኋላ ውሃው የሚያልፍበት ሥራ ተሠራ። መዝገቦቹ ግን ድሮም ሁለት ቦታ ናቸው።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ድሬ ለእናቴ ዕድር ደወልኩ። ጸሐፊው ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴን ያውቁት ነበር። አሮጌዎቹን ደብተሮች የእህቴ ልጅ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ ያንሳቸውና አንድ ቅጂ እናንተ ጋ፣ አንድ ቅጂ እኛ ጋ ይቀመጥ አልኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና ሐሳቡን ወደዱት። ኮሚቴው ላይ አቀረቡት። አባላቱም አልተቃወሙም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጠየቁ። ደብተሩ ላይ መዋጮ ያልከፈለ፣ የተቀጣ፣ ለቀብር ያልመጣ ሰው ስምም አለ። ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። የአባቱ ውዝፍ ውጭ አገር ሰው እጅ መግባቱን የሚወድ የለም። የተገባ ጥያቄ ነው። እኔ የቅጣቱ ገጽም ሳይገለበጥ አይቅር ባይ ነኝ፤ ግን ልጆቹ እስኪስማሙ ድረስ ሳይነሳ ይቆይ አልኩ። ጸሐፊው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ያቀርቡታል።